ከሀሁ እስከ ሃያ፦ የአንደኛ ክፍል ሥራ በመፀው

የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በመስከረም ተከፍተው በሰኔ ይዘጋሉ። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን በመፀው፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ባሉት ሦስት ወራት ነው። መስከረም በምዝገባ፣ በመጽሐፍ እደላ፣ ሰልፍ በመልመድና በመስቀል በዓል ያልቃል። ጥር ላይ ደግሞ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ይመጣል። በመካከሉ ባለው ጊዜ ልጁ ያየውን ምልክት ከሰማው ድምፅ፣ የጻፈውን ቁጥር በእጁ ከያዘው ነገር ጋር ማገናኘት ይኖርበታል። ይህን ሳያገናኝ ያለፈ ልጅ በሌሎቹ ትምህርቶችም መቸገሩ አይቀርም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደንግጓል። በአዲስ አበባና በአማራ ክልል አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በአማርኛ ሲሆን፣ በክልሉ ውስጥ በአዊ አውኝኛ፣ በዋግ ኽምራ ኽምጣንኛ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ደግሞ አፋን ኦሮሞ ማስተማሪያ ቋንቋዎች ናቸው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለው ነው። የአንደኛ ክፍል ተማሪ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን፣ እንግሊዝኛን፣ ሒሳብን፣ አካባቢ ሳይንስን፣ ግብረ ገብን፣ የክወናና የእይታ ጥበባትን እንዲሁም ጤናና ሰውነት ማጎልመሻን ይማራል። ዝርዝሩ ረዘም ይበል እንጂ የክፍሉን ጊዜና ጉልበት የሚወስዱት ቋንቋና ሒሳብ ናቸው።

ተማሪዎቹ ክፍል የሚገቡት እኩል ሆነው አይደለም። የከተማው ልጅ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ዓመት መዋዕለ ሕፃናት ቆይቶ፣ ፊደሉን ለይቶ፣ ስሙን መጻፍ ችሎ ይመጣል። የገጠሩ ልጅ ቢበዛ በዚያው ግቢ በተከፈተ የ«ኦ ክፍል» አንድ ዓመት ውሎ ይሆናል። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ አለ። ቁርኣን ቤት አሊፍ ባ ብሎ ጽሑፍን ከቀኝ ወደ ግራ የለመደና አሁን ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ያለበትም አለ። እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል። ለእንዲህ ያለ ልጅ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትምህርት ጣትን ማፍታታት ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ ያዘመመ መስመር፣ ክብ፣ ግማሽ ክብ። ወላጅ ደብተሩን ገልጦ ገጹ ሙሉ ጭረት ሲያይ «ምንም አላስተማሩትም» ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ፊደል የሚሠራው ከእነዚሁ ጭረቶች ነው።

የአማርኛ ፊደል ግዕዝ ከነበሩት 26 ዋና ፊደላት ላይ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ ተጨምረውበት 33 ሆኗል። እያንዳንዱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ሰባት መልክ ስላለው ገበታው 231 ቅርጾችን ይይዛል። በኋላ የመጣው ቨ ከነዘሩ ሲታከል 238 ይደርሳል፤ ዲቃሎቹ ደግሞ ሌላ ናቸው። ቁጥሩ ያስፈራል። ሆኖም ከቅርጾቹ ብዛት ይልቅ ልጅን የሚያግዘው በመካከላቸው ያለው ሥርዓት ነው። በ ካዕብ ሲሆን ቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ጭረት ያወጣል፤ ሣልስ ሲሆን ጭረቱ ወደ እግሩ ጫፍ ይወርዳል። በራብዕ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ በኀምስ ከእግሩ ሥር ቀለበት ይንጠለጠላል፣ በሳብዕ ግራ እግሩ ይረዝማል። ይህን በበ ላይ ያስተዋለ ልጅ ሰንና ሸን ያለ ብዙ ድካም ይሠራቸዋል። ሥርዓቱን የሚያፈርሰው ሳድስ ነው፦ ል፣ ም፣ ን፣ ብ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ሩም ጭረቱን እንደ ጓደኞቹ ወገቡ ላይ አያደርግም፤ ሎም እግሩን ከማስረዘም ይልቅ ቀለበት ያወጣል። እነዚህን በዓይን ደጋግሞ ከማየትና በእጅ ደጋግሞ ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለም።

አገር የለመደው ማስተማሪያ ዜማ ነው። መምህሩ በዘንግ ያመለክታል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቀበላል፣ ረድፉ ከግዕዝ ተነሥቶ እስከ ሳብዕ ይወርዳል። ዜማው ለጆሮና ለትውስታ ይጠቅማል፤ ችግሩ ዓይንን ሥራ ሊያስፈታ መቻሉ ነው። ኅዳር ላይ ሀሁን አንድም ሳይስት እስከ ፐ የሚወርድ ልጅ «ይህቺ ማን ናት?» ተብሎ ቤ ብቻዋን ስትታየው ከበ ጀምሮ በልቡ እየቆጠረ እስኪደርስባት ሊዘገይ ይችላል። ያ ልጅ የያዘው መዝሙሩን ነው፤ ፊደሉን ገና አልያዘም።

የቤተ ክህነቱ ትምህርት ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ሀሁን የጨረሰ ተማሪ ቀጥሎ የሚቆጥረው አቡጊዳን ነው። በአቡጊዳ ፊደሉም ድምፁም በአንድ ጊዜ ስለሚቀያየሩ፣ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ሲሄድ የሀሁ ዜማ አያድነውም፤ እያንዳንዱን ለይቶ ማየት ግድ ይሆንበታል። ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ይሻገርና ያንኑ ጽሑፍ መጀመሪያ ፊደል በፊደል ይቆጥረዋል፣ ቀጥሎ በግዕዝ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይዘልቀዋል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሀሁን ከቄስ ትምህርት ቤት ወስዶ አቡጊዳን መተዉ ሳይጎዳው አልቀረም።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች የተካሄደ የንባብ ምዘና የተማሪዎቹን የንባብ ድክመት አሳይቷል። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ የመጀመሪያ ክፍሎች የቋንቋ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጁ። አካሄዱ ገበታው እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ጥቂት ፊደላት እንደተለዩ ወዲያው ቃል ይሠራባቸዋል።

ለምሳሌ ለን እና በን ከነዘራቸው ብቻ የሚያውቅ ልጅ ምን ያህል ማንበብ ይችላል? ልብ፣ ላብ፣ ባል፣ በላ፣ ሌላ፣ ሎሌ፣ ሌባ። መምህሩ ፊደላቱን በካርቶን ቁራጭ ጽፎ ልጆቹ እየቀያየሩ እንዲደረድሩ ያደርጋል። ላ እና ብ ጎን ለጎን ሲቆሙ ላብ፣ ባ እና ል ሲቆሙ ባል ይሆናል። ሌ አጠገብ ባ ሲመጣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ ሌባን ያነበበ ልጅም ቃሏን በቀላሉ አይረሳትም። ቃሉን በጭብጨባ መክፈልም የዚሁ ትምህርት አካል ነው። «አበባ» ሦስት ጭብጨባ ነው፣ ሦስት ፊደልም ነው። «ልብ» ላይ ግን ጭብጨባው አንድ ሆኖ ፊደሉ ሁለት ይሆናል። ምክንያቱ ሳድስ አንዳንዴ የራሱ ድምፅ ሲኖረው አንዳንዴ ዝም ብሎ ቃሉን መዝጋቱ ነው። የትኛው የት እንደሚሆን ጽሑፉ አይነግርም።

ጽሑፉ የማይነግረው ሌላም ነገር አለ። ጠብቆና ላልቶ የሚነበበው በፊደል አይለይም። ዋና ላልቶ ሲነበብ የወንዙ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ዋነኛው ነው፤ ገና ጠብቆ በዓሉ ነው፣ ላልቶ «ገና አልመጣም» የሚባለው ነው። አማርኛ እየተናገረ ያደገ ልጅ ከዐረፍተ ነገሩ ያውቀዋል። ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ ግን ፊደሎቹን ሁሉ በትክክል ጠርቶ ቃሉን ሊስተው ይችላል። በዚህ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ድምፃቸው አንድ ነው። በዚህ ክፍል መምህሩ ልጁ ሁሉንም እንዲያውቃቸው ይፈልጋል እንጂ የትኛው ቃል በየትኛው እንደሚጻፍ አጥብቆ አይጠይቅም፤ አዋቂዎቹስ መቼ ተስማምተው!

የሒሳቡ ጉዞ ጸጥ ያለ ነው። እስከ ሃያ፣ እስከ ሠላሳ በቃል መቁጠር የማይችል ተማሪ ጥቂት ነው። እዚህም ግን ቃሉ ከነገሩ ሊቀድም ይችላል። ሰባት ቆርኪ ፊቱ የተደረደረለት ልጅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል አፉ ከጣቱ ቀድሞ ዘጠኝ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ቆርኪዎቹ ተበታትነው ሲቀመጡለትም በዝተዋል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጠጠር፣ የባቄላ፣ የስንጥርና የቆርኪ ናቸው። ሰባቱ ቆርኪ ለሁለት ይከፈላል፦ ሦስት እና አራት፣ አምስት እና ሁለት፣ ስድስት እና አንድ። ሰባት በየትኛውም መንገድ ቢከፈል ያው ሰባት መሆኑን በእጁ ያየ ልጅ መደመርም መቀነስም ጀምሯል ማለት ነው፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። 3 ፊቱን አዙሮ፣ 6 እና 9 ተገላብጠው የሚጻፉበት ደብተር በዚህ ዕድሜ የተለመደ ስለሆነ ሊያስደነግጥ አይገባም።

ከዐሥር በላይ ለመሄድ ዐሥር ስንጥር በክር ይታሰራል። አንድ እስርና ሦስት ነጠላ ሲሆን ዐሥራ ሦስት ነው፤ የአማርኛው አጠራር ራሱ እስሩን ስለሚናገር ልጁ ብዙ አይደናገርም። 8 እና 5 ሲደመሩ ከአምስቱ ሁለት ተወስዶ ስምንቱ ዐሥር ይሞላና ሦስት ይተርፋል። ይህ ነገር አንዴ ከገባ ጣት መቁጠር እየቀረ ይሄዳል። በሳንቲም የሚሰጡ ምሳሌዎች ግን ጊዜ አልፎባቸዋል፤ ሱቅ ሲላክ ብር እንጂ አምስት ሳንቲም ይዞ የማያውቅ ልጅ በሳንቲም ምን ይማራል? ሦስት ዳቦ ስንት ብር እንደሚሆን ግን በደንብ ያውቃል።

አካባቢ ሳይንስ የሚጀምረው ከልጁ አካል ነው። የሰውነት ክፍሎችና የስሜት ሕዋሳት፣ የእጅና የጥርስ ንጽሕና፣ ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ፣ የቤትና የዱር እንስሳት፣ ዕፅዋት፣ ውኃ። ወቅቱ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ የወንዙ ውኃ ሲጠራ፣ አደይ አበባ ፈክታ ስትረግፍ፣ ጤፉ ሲያሸት ልጁ በዓይኑ ያያል፤ መምህሩ አንድ ሰዓት ግቢው ውስጥ ቢያዞራቸው ከመጽሐፉ ሥዕል የበለጠ ያገኛሉ። ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ አብቅሎ በየቀኑ ማየትም ወጪ የለውም፤ ማን ሥሩን ቀድሞ እንዳየ ክርክር ማስነሣቱ ግን አይቀርም።

እንግሊዝኛ በዚህ ጊዜ በአብዛኛው የጆሮና የአፍ ነው፦ ሰላምታ፣ ስም መናገር፣ ቀለማት፣ የክፍል ዕቃዎች፣ ትእዛዝ ሰምቶ መነሣትና መቀመጥ። መምህሩ ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ የሚያሰማው «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ከግቢው ውጪ ይሰማል። ፊደሉ ሲመጣ ልጁ አዲስ ነገር ይገጥመዋል፦ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ፣ አንዱ ፊደልም ትልቅና ትንሽ የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት። ግብረ ገብ ተራ መጠበቅን፣ ታላቅን ማክበርን፣ የሰው ዕቃ አለመንካትን በተረትና በጨዋታ ያስተምራል። በጥበባቱ ክፍለ ጊዜ ጭቃ ይቦካል፣ ይሣላል፣ ይዘፈናል። እነዚህ ሁለቱ ከሁሉ ቀድመው ለሒሳብ ማካካሻ የሚሰጡ ክፍለ ጊዜዎች መሆናቸው ያሳዝናል፤ ሲጠየቅ ድምፁ የማይወጣ ልጅ መጀመሪያ አፉን የሚፈታው ብዙ ጊዜ በእንቆቅልሽ ሰዓት ነውና።

ይህ ሁሉ በሰነድ እንደተጻፈው እንዳይሄድ የሚያደርጉት ምክንያቶች ይታወቃሉ። ለአንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል የተቀመጠው ልክ 50 ተማሪ ቢሆንም ከዚያ የሚበልጥ የሚይዝ ክፍል አለ። ሃምሳ ልጅ አንድ በአንድ ማስነበብ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ሊሆን ስለማይችል መምህሩ ወደ ጋራ ዜማው ይመለሳል። ክፍል ባነሰበት ትምህርቱ በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ ይከፈላል። በገጠር ደግሞ መፀው የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው፤ ከብት ከእህል የሚመልሰው፣ ወፍ የሚጠብቀው፣ ታናሹን ይዞ ቤት የሚውለው ይኸው የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ለና በ በተማሩበት ሳምንት የቀረ ልጅ ሲመለስ ክፍሉ መ እና ሰ ላይ ደርሶ ይጠብቀዋል። የገበያ ቀን መቅረትም እንደዚሁ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በከተማም ቁርስ ሳይቀምስ የመጣ ተማሪ ፊደሉን ሊያስተውል አይችልም፤ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ከዚህ አኳያ የትምህርቱ አካል ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል።

በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ምዘናው ቀጣይ ነው፦ የቃል ጥያቄ፣ የደብተር ሥራ፣ አጭር የቃል ጽሕፈት፣ የቤት ሥራ። ውጤት በካርድ ላይ ሰፍሮ ወላጅ ዘንድ የሚደርሰው ጥር ላይ ነው፤ ያኔ ከፊሉ ጊዜ አልፏል። ልጁ የት እንደደረሰ ለማወቅ የፈለገ ወላጅ ከታኅሣሥ በፊት ራሱ ሊፈትሸው ይችላል። እስከዚያ ድረስ ከተማራቸው ፊደላት ዐሥሩን በቁራጭ ወረቀት ላይ አዘበራርቆ ጽፎ አንድ በአንድ ያሳየው። ከመጽሐፉ ያልተገለበጠች፣ ከእነዚያው ፊደላት የተሠራች ሁለት ፊደል ያላት ቃል ያስነብበው። አንድ እፍኝ ባቄላ አስቆጥሮ ከመካከሉ ሦስት ደብቆ ስንት እንደቀረ ይጠይቀው። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ባቄላው ይበቃል፤ ወረቀቱን ታላቅ እህት ወይም ወንድም ሊይዘው ይችላል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት እንደ ሏ፣ ቧ እና ቷ ያሉ ዲቃላዎች፣ ጥያቄ ያላቸው አጫጭር ታሪኮችና ወደ መቶ የሚያደርሱ ቁጥሮች ይከተላሉ፤ እስከ ታኅሣሥ የሳተውን ፊደል ልጁ ከእነዚያ በፊት መያዝ ይችላል።