ሽፋን የሌለው ዘፈን

በጅማ ዙሪያ የእሸት ቡና ገበያ ሲሞቅ የኮምፒውተር ቤቶችም ገበያ አብሮ ይሞቃል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡ፣ ከሰቃ የሚመጣው ሰው አዲስ ስልክ ወይም ፍላሽ የሚቀበል ስፒከር ይገዛና በዚያው “እስቲ ይህንንም አስተካክልልኝ” ብሎ ዓመታት ያጠራቀመውን ፍላሽ ያስጨብጠኛል። ስከፍተው የማየው ሁልጊዜ ይመሳሰላል። ኒው ፎልደር አለ፣ በውስጡም ሌላ ኒው ፎልደር። “ትራክ 01” የሚባሉ የማይገናኙ ዘፈኖች ተደርድረዋል። በዋትስአፕ የመጣው ከቀንና ከቁጥር ሌላ ስም የለውም። በቴሌግራም የወረደው ደግሞ በድምፃዊው ቦታ የቻናሉን ስም ለጥፏል፤ የዘፋኙ ስም ተፍቆ የለቃቂው ማስታወቂያ ገብቶበታል።

ይህን መደርደር እንጀራዬ ነው። ደንበኞቼ “ዘፈን አስተካካይ” ይሉኛል። የምነካው ሰውየው ይዞት የመጣውን ብቻ ነው፤ ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው አልገለብጥም፣ ዘፈንም አልሸጥም። ኦሪጅናሉን ሳልነካ አንድ ቅጂ ለብቻው አስቀምጣለሁ፣ ድግግሞሹን አወጣለሁ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ፋይል እየሰማሁ መረጃውን እሞላለሁ። ሰዓት የሚበላው ይህ የመጨረሻው ነው።

የካሴትን ዘመን የደረሰ ሰው ሽፋኑን ያስታውሳል። ፎቶው ፊት ለፊት፣ ከኋላው የዘፈኖቹ ዝርዝር፣ ሲገለጥ ደግሞ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ ያጀበው ባንድ፣ የተቀዳበት ስቱዲዮ። ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ድምፁ ተሻገረ፣ ወረቀቱ ቀረ። ዛሬ ያንን ወረቀት ሊተካ የሚችለው በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ታግ ብቻ ነው። ችግሩ፣ የታጉን ቅጽ ያዘጋጀው ሰው የእኛን ዘፈን፣ የእኛን ስምም ሆነ የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም ነበር።

አይዲ ስሪ የሚባለው ቅጽ የመጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው ቅጽ በፋይሉ ጭራ ላይ የሚቀመጥ 128 ባይት ብቻ ነበር። ለርዕስ 30፣ ለድምፃዊ 30፣ ለአልበም 30፣ ለዓመት 4፣ ለማስታወሻ 30፣ ለሙዚቃው ዓይነት 1፣ ቀሪው 3 ባይት ለቅጹ መለያ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ከዚያ በኋላ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ፊደላችን በተለመደው የኢንተርኔት አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ በዚያ አሮጌ ሳጥን ውስጥ በግድ ቢገባ እንኳ 10 ፊደል ላይ ይቆረጣል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው ሁለተኛው ቅጽ ሰፊ ነው፣ አማርኛም ይቀበላል። ሆኖም ብዙ ርካሽ ማጫወቻ የእኛ ፊደል ስላልተጫነበት በስሙ ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ወይም የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። በዚህ ምክንያት ለደንበኛው ማጫወቻውንም ይዞ እንዲመጣ እነግረዋለሁ። አማርኛ የሚያሳይ ከሆነ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ የማያሳይ ከሆነ በላቲን።

የሙዚቃ ዓይነት የሚባለው ሳጥን ከሁሉ የባሰ ነው። በመጀመሪያው ቅጽ ላይ 80 ዓይነቶች በቁጥር ተዘርዝረዋል፤ ዜሮ ቁጥር የተሰጠው ለብሉዝ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ቦታውን በአግባቡ ባዶ አድርጎ በመተው ፋንታ ዜሮ ይጽፍበታል። ስለዚህ ማንም ያልነካው ፋይል ሲከፈት “ብሉዝ” ይላል። በጅማ መንዙማ ብሉዝ ተብሎ ማየት ብርቅ አይደለም።

መንዙማ ደግሞ በዚህ አካባቢ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ረመዳን ላይ መንዙማ ከፍቶ የተቀመጠ ቤተሰብ ስፒከሩ ሳይታሰብ ወደ ሠርግ ዘፈን ቢሻገርበት ዓይነቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለኦርቶዶክሱና ለፕሮቴስታንቱ መዝሙርም እንደዚያው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍፍሌ የድምፃዊ ወይም የአልበም አይደለም፤ መንዙማ፣ መዝሙር፣ ዘፈን ለየብቻ ፎልደር ያገኛሉ፣ ታጋቸውም በዚያው ይጻፋል። ከዚያ በታች ያለውን የሚወስነው ደንበኛው ነው። አንዱ ትዝታዎቹን ሁሉ በአንድ ላይ ይፈልጋል፤ ሌላው የሠርግ፣ ሦስተኛው የኦሮምኛ ጌራርሳ። ከቅጹ ዝርዝር ውስጥ እነዚህ አንዳቸውም የሉም፤ ግን በእጅ መጻፍ የሚከለክል የለም።

ስምን በተመለከተ ቅጹ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ያስባል። አንዳንድ የመረጃ ቋት አስቴር አወቀን በ“አወቀ” ሥር ይሰድራታል፤ የአባቷ ስም መሆኑን አያውቅም። ጅማ ውስጥ ግን አስቴርን በአወቀ የሚፈልግ ሰው አላጋጠመኝም። መፍትሔው የመደርደሪያ ስም የሚባለውን የተደበቀ ሳጥን ከፍቶ ሙሉ ስሙን እንደሚጠራው መጻፍ ነው፤ ከራስ ስም ጀምሮ፣ ያለ ነጠላ ሰረዝ።

ሆሄያት ሌላ ጣጣ ናቸው። ፀሐዬ ዮሐንስ የሚለውን ስም በጸሎቱ “ጸ” ወይም በፀሐዩ “ፀ” መጻፍ፣ ሁለቱንም “ሐ” ደግሞ በ“ሀ” ወይም በ“ሃ” መተካት ይቻላል። በነዚህ ልዩነቶች ብቻ 18 አጻጻፍ ይወጣል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር 18 ድምፃውያን። ዓሊ ቢራ “አሊ” ተብሎ የተጻፈበትና “ዓሊ” ተብሎ የተጻፈበት ፋይል በዝርዝሩ ውስጥ ሩቅ ለሩቅ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ከ፣ ኸና ወ ገብተዋል። በላቲን ሲሆን ደግሞ የኦሮምኛው ቁቤ አለ፣ በእንግሊዝኛ ልማድ የተጻፈው አለ። የሃጫሉ ሁንዴሳ ስም በቁቤ አናባቢው እየተደረበ ሲጻፍ ከፓስፖርት አጻጻፍ ጋር ፊደሉ እንኳ አይገጥምም። የጥላሁን ገሠሠ ስም የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ ኤትዮፒክስ በተባለው ተከታታዩ ላይ ባተመበት መልክ ደግሞ አገር ቤት ካለው ጋር አይዛመድም። እኔ ለድምፃዊው በቋንቋው የተለመደውን አንድ አጻጻፍ እመርጣለሁ፣ ሌሎቹን በማስታወሻ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ፈላጊው በየትኛውም ቢጽፍ ይደርስበታል።

ከዚያ ዓመተ ምሕረቱ ይመጣል። የማሕሙድ አሕመድ “ኧረ መላ መላ” በካይፋ ሪከርድስ የወጣው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። የቤልጅጉ ክራምድ ዲስክስ በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ አወጣው፤ በኤትዮፒክስ ሰባተኛ ቅጽ በ1999 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ። ደንበኛዬ ከየት እንዳገኘው እየተለያየ ያው ድምፅ ሦስት ዓመት ይይዛል። አገር ቤት በእጁ የጻፈ ሰው ደግሞ 1967 ሊል ይችላል፤ በእኛ አቆጣጠር ትክክል ነው። ኮምፒውተሩ ግን ይህን እንደ አውሮፓ ዘመን ቆጥሮ፣ አምኃ እሸቴ የሙዚቃ አሳታሚውን አምኃ ሪከርድስን በ1969 እ.ኤ.አ. ከማቋቋሙ በፊት ያስቀምጠዋል። የእኔ ደንብ በዓመት ሳጥን ውስጥ መጀመሪያ የወጣበትን የአውሮፓ ዓመት ብቻ መጻፍ ነው፤ የኢትዮጵያው በማስታወሻው ውስጥ “1967 ዓ.ም.” ተብሎ ይገባል። ለምን የእኛን አላስቀደምክም የሚሉኝ አሉ። ሳጥኑ አራት አሃዝ እንጂ “ዓ.ም.” የሚለውን አይይዝም፣ የተቀላቀለ ዝርዝር ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

ይህ ሁሉ ግን ስክሪን ላለው ነው። ከገጠር የሚመጣው ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ስክሪን የለውም፤ ወደፊትና ወደኋላ የሚል ቁልፍ ብቻ። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ የሚያጫውቱት በፊደል ተራ ሳይሆን ፋይሉ ወደ ፍላሹ በተገለበጠበት ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ፍላሹን አጽድቼ አንድ በአንድ በፈለግሁት ተራ እገለብጣለሁ፣ ለጥንቃቄም ከስማቸው በፊት 001፣ 002 እያልኩ እቆጥራለሁ። ዜሮዎቹ ካልተጻፉ በአንዳንዱ ማጫወቻ 10 ከ2 ይቀድማል።

አንድ ከጎማ ወረዳ በኩል የመጡ አዛውንት “ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም፤ የምትጽፈው ለማን ነው?” አሉኝ።

“ሀጂ፣ ታዲያ የሚፈልጉትን እንዴት ነው የሚያገኙት?”

“እየዘለልኩ፤ ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲገለበጥ እጄ ቆሻሻ ነው፣ አሥር ጊዜ አልነካውም።”

ለእርሳቸው ዓይነቱ ደንበኛ በየክፍሉ መጀመሪያ በድምፄ የቀዳሁትን አጭር ፋይል አስገባለሁ፤ “ከዚህ ቀጥሎ መንዙማ”፣ “ከዚህ ቀጥሎ የዓሊ ቢራ” የሚል፤ ለሚፈልግ በኦሮምኛ። የማይነበብ ታግ በጆሮ ይሰማል ማለት ነው።

ታግ መሙላት ትርፉ ማግኘት ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ ባቆምኩ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄን ግን እንውሰድ። በ1943 እ.ኤ.አ. የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። ወጣቶቹ የሚጠይቁኝ “የብሮክን ፍላወርስ ሙዚቃ” እያሉ ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ነው ያወቁት። ያንን በማስታወሻ ሳጥን እጽፋለሁ፣ ይገኛል። በራሱ ስም በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣው “ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ”ም ይገኛል። የማይገኘው ሌሎች ድምፃውያን የዘፈኑት፣ እርሱ ያቀናበረው ነው። ፋይሉ የድምፃዊውን ስም ብቻ ስለሚይዝ ሙላቱን የሚፈልግ ሰው በእጁ ያለውን የሙላቱን ሥራ ሳያየው ያልፋል። አቀናባሪዎቹ ሣህሌ ደጋጎም፣ ግርማ በየነም፣ ዜማ ደራሲው አበበ መለሰም፣ ገጣሚው ይልማ ገብረአብም ከፍላሽ ውስጥ የሚጠፉት በዚሁ መንገድ ነው። በሰማንያዎቹ እ.ኤ.አ. ስንቱን ካሴት ያጀበው ሮሃ ባንድ በደንበኞቼ ፋይል ላይ ስሙ ተጽፎ የማየው ከስንት አንዴ ነው።

በቅጹ ውስጥ ለዜማና ለግጥም ደራሲ ሳጥን አለ፤ አብዛኛው ማጫወቻ ስለማያሳየው ማንም አይሞላውም። ለቅንብር በቀላሉ የሚታይ ሳጥን ስለሌለ በማስታወሻው ውስጥ “ቅንብር፦” ብዬ እጽፋለሁ፤ ፍለጋ ማስታወሻውንም ያነባልና። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን ደራሲነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አዋጁ የግል ፍላሽህን ታግ ሙላ ብሎ ማንንም አያስገድድም። እኔ ግን የሰው ሥራ በእጄ አልፎ ስሙ ሳይኖር እንዲወጣ አልፈልግም።

ያላወቅሁትን ስም በግምት አልሞላም። ደንበኛ ሲቸኩል “የዚያ ሰው ይመስለኛል፣ ጻፈው” ይላል፤ አልጽፈውም። እንዲህ ያለ ግምት በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ተጉዞ በሚቀጥለው የቡና ወቅት በሌላ ሰው ፍላሽ ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ አምስት ቦታ ተጽፎ ስለሚገኝ እውነት ይመስላል፣ ማረሙም ይከብዳል። ያልተለዩትን “ይጣራ” በሚል ፎልደር ሰብስቤ እመልሳለሁ። በቤቱ ውስጥ ካለ ትልቅ ሰው ጋር አንድ ምሽት ተቀምጦ የሰማቸው ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ግማሹን ለይቶ ይመጣል።

ቤታችሁ የድሮ ካሴት ካለ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ድምፁን በኮምፒውተር ገልብጠነዋል ብላችሁ ሽፋኑን አትጣሉ። ፊቱንም ጀርባውንም፣ የውስጡንም እጥፋት በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ዘፈኖቹ ካሉበት ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። እኔ ጋ ስትመጡ ግጥሙን፣ ዜማውንና ቅንብሩን ማን እንደሠራ ከዚያ አነባለሁ።