ትንሹን ሥዕል ስናጎላ መስመሩ እንዳይበጠስ



በካምፓችን ትምህርት ቤቶች አንድ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ መዳረስ ስላለበት፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ትንሽ ሥዕል አጉልተን ግድግዳ ላይ መስቀል የእኛ የመምህራን የዘወትር ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ሲያድግ ክብ የነበረው መስመር እንደ ደረጃ ይሸራረፋል፤ ቀጭኑም ይጠፋል። ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ለምሳሌ የልብን ሥዕል እንውሰድ። ደም ወደ መጣበት እንዳይመለስ የሚዘጉት ቫልቮች የሚሳሉት በቀጭን መስመር ነው። ይህ መስመር ከተበጠሰ ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ የሚያየው ክፍት ቀዳዳ ነው፤ የተሳሳተውንም ይዞ ወደ ፈተና ይገባል። ስለዚህ መስመሩ ሳይበላሽ ሥዕል የሚጎላበትን መንገድ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ደረጃው ከየት ይመጣል?

በስልክ የተነሣ ወይም በስካነር የገባ ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ካሬዎች የተሠራ ነው። በሒሳብ ደብተር ላይ አንዳንዱን ካሬ በጥቁር እየሞላን ክብ ለመሥራት ብንሞክር ዳሩ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወርዱ 250 ፒክስል የሆነ ሥዕል በ50 ሴንቲ ሜትር ወርድ ቢታተም እያንዳንዱ ካሬ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም በዓይን በግልጽ ይታያል። ማጉላት ካሬውን ያሳድጋል እንጂ በሥዕሉ ውስጥ ያልነበረውን ነገር አይጨምርም።

በመጀመሪያ ወደ ዋናው መመለስ

መጽሐፉ በእጃችን ካለ ትንሹን ፋይል ከማጉላት ሥዕሉን እንደገና ማስገባት ይሻላል። ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል ስካነሩ በ600 ዲፒአይ ሲያነበው ወደ 2,360 ፒክስል ይሰጠናል። ስካነር ከሌለ መጽሐፉን ዘርግተን፣ በቀን ብርሃን፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገን እናነሣለን። ፎቶውን በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ስንልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ሰነድ እንላከው፤ አለበለዚያ መተግበሪያው ያሳንሰዋል። ስናስቀምጠውም ጄፔግ በመስመሩ ዙሪያ ግራጫ ጉድፍ ስለሚተው ፒኤንጂ እንምረጥ።

ትንሹ ፋይል ብቻ ካለን

ጂምፕ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ሥራው ሦስት ደረጃ አለው።

አንደኛ፣ ሥዕሉን ወደ ግራጫ ለውጠን «ስኬል ኢሜጅ» በሚለው 8 እጥፍ እናሳድገዋለን፤ የአሠራሩን ዓይነት «ኪዩቢክ» እናደርጋለን። 250 የነበረው 2,000 ፒክስል ይሆናል። በጥቁሩና በነጩ መካከል ግራጫ ይፈጠራል፤ ሥዕሉም የደበዘዘ ይመስላል። ይህ አያስደንግጠን።

ሁለተኛ፣ «ጋውሲያን ብለር» በሚለው ከ3 እስከ 4 ፒክስል እናደበዝዘዋለን። የደረጃው ሹል ጫፍ በግራጫው ውስጥ ይሟሟል።

ሦስተኛ፣ «ትሬሽሆልድ» በሚለው ግራጫውን ለሁለት እንቆርጠዋለን፤ ከመቁረጫው የጠቆረው ሁሉ ጥቁር፣ የነጣው ሁሉ ነጭ ይሆናል። ግራጫው ቀስ በቀስ የሚለወጥ ስለሆነ የተቆረጠበት ዳር ለስላሳ ይወጣል። መቁረጫውን ወደ ላይ ከፍ ስናደርግ መስመሩ ይወፍራል፤ ዝቅ ስናደርግ ይቀጥናል፣ ሲበዛም ይበጠሳል። እንግዲህ ቫልቭ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና በቀጭኑ መስመር ላይ ዓይናችንን ተክለን እናስተካክል።

ሥዕሉ በተለያየ መጠን ደጋግሞ የሚታተም ከሆነ ኢንክስኬፕ በሚባለው ሌላ ነፃ ፕሮግራም «ትሬስ ቢትማፕ» የሚለውን እንጠቀም። ይህ ካሬዎቹን ትቶ የመስመሩን ጉዞ በቀመር ይመዘግባል፤ ስለዚህ ምንም ያህል ቢሰፋ ደረጃ አይታይበትም። እንዲህ ያለውን ጠመዝማዛ መስመር ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፒየር ቤዚዬ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሬኖ ፋብሪካ የመኪና አካል ለመንደፍ ተጠቅሞበታል። ፕሮግራሙ ግን ሹሉን ማዕዘን ሊያዶለዱም፣ ትንሿን ነጥብም ጉድፍ መስላው ሊያጠፋ ይችላል።

ፊደሉን አብረን አናጉላ

በሥዕሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አጥፍተን እንደገና እንጻፈው። የፊደላችን ልዩነት በትንሽ ቅጥያ ነው። የ«ል» ስብራት ብትጠፋ «ልብ» የነበረው «ለብ» ይሆናል።

መብራት በሌለበት

ካሬ የማስመር ዘዴ ዛሬም ያገለግላል። በሥዕሉ ላይ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ አስቀምጠን 1 ሴንቲ ሜትር ካሬዎችን እናሰምርበታለን። በትልቅ ወረቀት ወይም በንጹሕ ነጭ ማዳበሪያ ላይ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ካሬዎችን በእርሳስ እናሰምራለን። ከዚያም መስመሩ እያንዳንዱን ካሬ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እያየን እንገለብጣለን። የ10 ሴንቲ ሜትሩ ሥዕል 50 ይሆናል። እጅ ደረጃ አይሠራም፤ መስመሩ ለስላሳ ነው።

ከመስቀላችን በፊት

በ50 ሴንቲ ሜትር ወርድ የሚታተመው ሥዕል፣ ቁመቱ ከወርዱ ካልበለጠ፣ በ6 ኤፎር ወረቀት ተከፋፍሎ ወጥቶ ሊጣበቅ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ግን ቀለምና ወረቀት ከማባከናችን በፊት አንዱን ክፍል ብቻ አትመን ከመጨረሻው ወንበር እንየው። የትምህርቱ መምህርም መጽሐፉን ይዞ መስመሮቹን አንድ በአንድ ያመሳክር። ለስላሳ ሆኖ የወጣ መስመር ሁሉ ትክክል አይደለም፤ ፕሮግራሙ የገመተውን ከመጽሐፉ ጋር ማስተያየት የእኛ ድርሻ ነው።