ጡቴን ያመኛል ያሉት ሴቶች

የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ሆርሞን መውሰድ የጀመረች ሴት ጥቂት ሳምንታት ቆይታ «ዶክተር፣ ጡቴን ያመኛል» ብትል የሚደነቅ ሐኪም የለም። ጡቷ ይከብዳታል፣ ሲነኩት ያማታል፣ በሆዷ መተኛት ያቅታታል። ሕመሙን ትችለው ይሆናል፤ እንቅልፍ የሚነሳት ከሕመሙ ጀርባ ያለው የካንሰር ፍርሃት ነው። ብዙ ጊዜ የምታገኘው መልስ «የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ እየቆየ ይለቅዎታል» የሚል ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ሙሉ ግን አይደለም፤ ምን እንደጎደለው ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ፍለጋ አስፈልጓል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1896 ጆርጅ ቢትሰን የተባለ የግላስጎው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ እንግዳ ነገር ጻፈ። የጡት ካንሰራቸው ተስፋፍቶ ሌላ መላ ለታጣላቸው ሴቶች ኦቫሪያቸውን በቀዶ ሕክምና አወጣላቸው፤ ቢላዋ ያልነካው የጡት ዕጢም ሟሸሸ። በዚያ ዘመን ኦቫሪ በደም በኩል ወደ ጡት መልእክት እንደሚልክ የሚያስረዳ ዕውቀት አልነበረም። ቢትሰን ያየው ውጤቱን ብቻ ነው፤ ሁለቱን አካላት የሚያገናኝ አንድ ነገር መኖሩን ግን ተረድቷል።

ያ ነገር ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን መሆኑ ከታወቀ በኋላ ታሪኩ ወደ መድኃኒት ቤት ገባ። በ1942 ካረገዘች ባዝራ ሽንት የሚወጣ ኤስትሮጅን ፕሪማሪን በሚል ስም በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። መድኃኒቱ በማረጥ ጊዜ ድንገት ከደረት ተነስቶ ፊትን የሚያጋየውን ሙቀትና አንሶላ የሚያርሰውን የሌሊት ላብ በእርግጥ ያስታግሣል፤ ይህ ጥቅሙ ዛሬም አያጠራጥርም። በ1966 ሮበርት ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የማኅፀን ሐኪም ማረጥን ራሱን እንደ በሽታ፣ ኤስትሮጅንን ደግሞ እንደ መፍትሔው አድርጎ ያቀረበበትን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በብዛት ተሸጠ፤ ክኒኑም እንዲሁ። በ1975 መጨረሻ ግን ኤስትሮጅን ብቻውን የሚወስዱ ሴቶች የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር በብዙ እጥፍ እንደሚያጠቃቸው የሚያሳዩ ሁለት ጥናቶች አንድ ላይ ወጡ።

መፍትሔው ፈጣን ነበር። ኤስትሮጅን የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን እንዲያድግ ሲገፋው፣ ፕሮጄስትሮን ያንን ዕድገት ይገታል። ስለዚህ ማኅፀን ላላት ሴት ከኤስትሮጅኑ ጋር ፕሮጄስቲን የሚባል፣ የፕሮጄስትሮንን ሥራ የሚሠራ ሁለተኛ ሆርሞን ይሰጣት ጀመር። ማኅፀኑ ተጠበቀ። ይኸው ጥምረት ጡትንም ይጠብቃል ብለው ተስፋ ያደረጉ ሐኪሞችም ነበሩ።

እኔን ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ይህ ተስፋ ነው፤ ምልክቱ በሴቶች አካል ላይ በየወሩ ይታይ ስለነበር። ጡቷ የሚያብጥባትና የሚያማት ሴት ይህ የሚሆንባት የወር አበባዋ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት መሆኑን ታውቃለች። እነዚያ ቀናት ፕሮጄስትሮን ከፍ ያለበት የወሩ ሁለተኛ አጋማሽ ናቸው። የጡት ሴሎች ከሌላው ጊዜ ይልቅ የሚባዙት በዚሁ አጋማሽ እንደሆነ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ማኅፀንን «በቃህ» የሚለው ሆርሞን ጡትን «እደግ» ይለዋል ማለት ነው። ነገሩ ተጽፎ ነበር፤ ክኒኑ ግን መሸጡን ቀጠለ።

ቁርጡን ለማወቅ ትልቅ ፈተና ያስፈልግ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር በርናዲን ሂሊ በ1991 የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ የተባለውን ጥናት አስጀመረች። ከ1993 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆነ፣ ማኅፀን ያላቸው 16,608 ሴቶች በ40 የሕክምና ማዕከላት ተመዘገቡ። ግማሾቹ ከባዝራው የሚገኘውን ኤስትሮጅን ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን ከሚባለው ፕሮጄስቲን ጋር ወሰዱ፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ዋጡ። የትኛውን እንደምትውጥ ሴቲቱም ሐኪሟም አያውቁም። ማኅፀናቸው በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው 10,739 ሴቶች ደግሞ ኤስትሮጅን ብቻውን የሚፈተንበት ሌላ ክፍል ተዘጋጀ።

የመጀመሪያው ክፍል 8 ዓመት ተኩል እንዲቆይ ታቅዶ በአማካይ 5.2 ዓመት ላይ ተቋረጠ። ሐምሌ 2002 ዜናው ሲወጣ በየጋዜጣው የተጻፈው የጡት ካንሰር በ26 ከመቶ መጨመሩ ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ብቻውን ሲነገር ግን ያስደነግጣል እንጂ አያስረዳም። ባዶውን ክኒን ከወሰዱ 10,000 ሴቶች በአንድ ዓመት ውስጥ 30 የሚሆኑት የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል፤ ሆርሞኑን ከወሰዱ 10,000 ሴቶች ደግሞ 38ቱ። ልዩነቱ ስምንት ሴቶች ነው። ስምንቱ ሴቶች ቀላል አይደሉም፤ መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ግን ስምንትነታቸው ሊነገራት ይገባ ነበር። ብዙዎች በአንድ ጀንበር ክኒናቸውን ጣሉ። በአሜሪካ በ2003 አዲስ የሚመዘገብ የጡት ካንሰር በ6.7 ከመቶ ቀነሰ፤ በ2007 ይህን ያሳተሙት ተመራማሪዎች ዋናው ምክንያት ሴቶቹ ሆርሞን ማቆማቸው ሳይሆን እንዳልቀረ ጻፉ።

ሁለተኛው ክፍል በ2004 ሲቋረጥ ሌላ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ኤስትሮጅን ብቻውን ከወሰዱት ዘንድ የጡት ካንሰር አልጨመረም፤ እንዲያውም ያነሰ ይመስል ነበር። ተሳታፊዎቹን ሃያ ዓመት ያህል ተከትሎ በ2020 የታተመው ዘገባም ይህንኑ አጸና። ተጠርጣሪው ማኅፀንን እንዲጠብቅ የተጨመረው ፕሮጄስቲን ሆነ።

በዚህ ሁሉ መካከል ጡቴን ያመኛል ያሉት ሴቶች ድምፅ በመዝገብ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ጥናቱ ሲጀመርና ዓመት ሲሞላው ሁሉም ጡታቸውን ያማቸው እንደሆነ ተጠይቀው መልሰዋል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰር ካሮሊን ክራንዳልና ባልደረቦቿ ያንን መልስ አውጥተው ማን በኋላ በካንሰር እንደተያዘ ከሚያሳየው መዝገብ ጋር አስተያዩት። ውጤቱ በ2009 ታተመ። ሲጀምሩ ሕመም ካልነበራቸው ሴቶች፣ ጥምር ሆርሞኑን ከወሰዱት 36 ከመቶዎቹን ዓመት ሲሞላቸው ጡታቸውን ያማቸው ነበር፤ ባዶውን ክኒን ከወሰዱት 12 ከመቶ ገደማውን ብቻ። ጥምር ሆርሞኑን ከሚወስዱት መካከል ደግሞ አዲስ ሕመም የጀመራቸው፣ ካልጀመራቸው ይልቅ በ48 ከመቶ በበለጠ መጠን የጡት ካንሰር ያዛቸው።

ይህን ያነበበች ሴት ጡቷን ይዛ እንዳትደነግጥ ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከታመሙት ከመቶ 36ቱ መካከል እጅግ የሚበዙት ካንሰር አልያዛቸውም። ሕመሙ ካንሰሩ ራሱ አይደለም፤ ጡቱ ለሆርሞኑ ምን ያህል አጥብቆ እንደመለሰ የሚናገር ይመስላል። ተመራማሪዎቹ በ2012 ወደ ሁለቱም ክፍሎች ተመልሰው ሲያዩ፣ ኤስትሮጅንን ብቻውን በወሰዱት ዘንድ አዲስ የጡት ሕመምና ካንሰር አልተያያዙም። ሕመሙ ያው ሕመም ሆኖ ትርጉሙን የሚለውጠው አብሮ የሚዋጠው መድኃኒት ሆነ።

ጡቱ መልስ መስጠቱ በማሞግራም፣ ማለትም በጡት ራጅም ይታያል። ጥምር ሆርሞን የጡትን ሥጋ ያጠብቃል፤ በጠበቀ ጡት ላይ ዕጢ መለየት ይከብዳል። በዚሁ ጥናት ገና በአንደኛው ዓመት ሆርሞኑን ከወሰዱት 9.4 ከመቶ፣ ባዶውን ከወሰዱት 5.4 ከመቶ የሚሆኑት «እንደገና ይታይ» የሚያሰኝ ማሞግራም ነበራቸው። ብዙ ሴቶች ኋላ ነጻ ሆኑ፤ የተጠሩበትን ቀን ጭንቀት ግን የሚመልስላቸው የለም።

አንድ ነገር ለአገራችን አንባቢ ማንሳት አለብኝ። ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን በኢትዮጵያ ብዙ ሴቶች ለወሊድ መከላከያ በሦስት ወር አንዴ የሚወጉት መርፌ ነው። በጥናቱ የተፈተነው ግን ያረጡ ሴቶች ከኤስትሮጅን ጋር በየቀኑ የሚውጡት ክኒን ነው፤ ዕድሜውም መጠኑም ዓላማውም ይለያያል። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ወስዶ መርፌዋን በምትወጋ ወጣት ላይ መለጠፍ ስሕተት ነው። የሚመለከቱት ይበልጥ እንደ አሜሪካና አውሮፓ ባሉ አገሮች ሐኪማቸው ይህን ሕክምና የሚያቀርብላቸውን እናቶቻችንንና እኅቶቻችንን ነው።

በ2019 ከ58 ጥናቶች፣ ከ108,647 የጡት ካንሰር ታማሚ ሴቶች መረጃ የተሰባሰበ ትንታኔ በላንሴት ወጣ። ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ ለአምስት ዓመት ጥምር ሆርሞን በየቀኑ ከወሰዱ 50 ሴቶች እስከ 69 ዓመታቸው ባለው ጊዜ አንድ ተጨማሪ የጡት ካንሰር እንደሚገኝ አሰላ። ኤስትሮጅን ብቻውን ከሆነ ከ200 አንድ። ይህ የመጨረሻው ቁጥር የአሜሪካው ጥናት ሁለተኛ ክፍል ካገኘው ጋር አይስማማም፤ ክርክሩም አልተዘጋም። በ2008 የታተመ ትልቅ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ ከሰው አካል ፕሮጄስትሮን ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን ሆርሞን ከኤስትሮጅን ጋር በወሰዱት ዘንድ ጉልህ ጭማሪ አላገኘም። ስለዚህ የጡት ሕመም ያለባት ሴት ለሐኪሟ የምታቀርበው ጥያቄ የትኛው ሆርሞን፣ በምን መጠን፣ ለስንት ጊዜ የሚል ሊሆን ይችላል፤ መጠኑን መቀነስም ፕሮጄስቲኑን መቀየርም የሚቻል ነው። እብጠት ከተዳሰሰ፣ ቆዳው ከጎደጎደ ወይም ከጡቱ ጫፍ ደም ከወጣ ግን ሕመም ኖረም አልኖረም ምርመራው አይዘገይም፤ አብዛኛው የጡት ካንሰር ሲጀምር አያምምና።