የፒካፕ መኪናን አውቶማቲክ ካምቢዮ ለይቶ ስለ ማወቅ

በአሁኑ ዘመን የእርሻ ሥራ ያለ ፒካፕ መኪና አይከናወንም ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። ምርጥ ዘር፥ ማዳበሪያ፥ የከብት ክትባት፥ የውሃ መሳቢያ ሞተር፥ አንዳንድ ጊዜም በጠና የታመመ ሰው የሚጓዘው በዚሁ መኪና ነው። በክረምት መግቢያ መኪናው የቆመ እንደ ሆነ ዘሩ በመጋዘን፥ ገበሬውም በማሳው ዳር ሆነው ይጠባበቃሉ፤ የዘር ወራት ግን ማንንም አይጠብቅም።

ቀድሞ ወደ ገጠር ይላኩ የነበሩት ፒካፖች አብዛኛዎቹ ፍሪሲዮን የሚረገጥባቸውና ማርሻቸው በእጅ የሚቀየር ስለ ነበሩ መካኒኮቻችን ያንን ዓይነት ካምቢዮ ዐይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል። አውቶማቲኩ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በውስጡ ቀጫጭን የዘይት መተላለፊያዎች፥ ቫልቮችና ብዙ ተደራራቢ ዲስኮች ይገኛሉ። ዘይቱም ብረትን ከብረት ፍትጊያ የሚያድን ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውም፥ ዲስኮቹን እየተጫነ ማርሹን የሚቀይረውም እርሱ ነው። ስለዚህ ለአንዱ ካምቢዮ የተሠራውን ዘይት በሌላው ውስጥ መጨመር ማለት የሥራ መሣሪያውን መለወጥ ማለት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከስም ነው። ባለመኪናው «የሃይሉክስ ካምቢዮ» ብሎ በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይጠይቃል፤ ወይም ያገለገሉ ዕቃዎች በብዛት ወደሚሸጡበት ወደ ሻርጃ በስልክ ያዝዛል። ሃይሉክስ ግን የመኪናው ስም እንጂ የካምቢዮው ስም አይደለም። አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በዚህ ዓይነት ትእዛዝ ያስመጣው ካምቢዮ በሣጥኑ እንዳለ በመጋዘን ጥግ ተቀምጦ አይቻለሁ። የመጣው በኋላ ጎማ ብቻ ለሚነዳ መኪና የተሠራው ሲሆን የማኅበሩ መኪና ግን በአራቱም ጎማ የሚነዳ ነበር። ሻጩ አላታለለም፤ የተጠየቀውን ልኳል።

በ2004 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሃይሉክስ እንደ ሞተሩና እንደ ተሠራበት ጊዜ ባለ 4 ወይም ባለ 5 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ተገጥሞለታል። በ2015 ለወጣው ደግሞ ባለ 6 ማርሽ መጣለት። የትኛው እንደ ተገጠመ የሚናገር አንድ ትንሽ የብረት ሰሌዳ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። በዚህ ሰሌዳ ላይ የሻንሲው ቁጥር፥ የሞተሩና የቀለሙ ምልክት ተጽፎበታል፤ የካምቢዮውና የአክስሉ ምልክትም ጎን ለጎን ሠፍሯል። ሁለቱም በፊደልና በቁጥር የተጻፉ በመሆናቸው ብዙ ሰው የአክስሉን ምልክት የካምቢዮ መስሎት ይጽፋል፤ ይህን አጥብቆ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የቶዮታ አውቶማቲክ ካምቢዮ ምልክት በብዙዎቹ ፒካፖች ላይ በላቲን ፊደል ኤ ጀምሮ ሦስት ቁጥሮች ያስከትልና በአንድ ፊደል ይጨርሳል፤ ለምሳሌ ኤ 340 ኤፍ። ከሦስቱ ቁጥሮች መካከለኛው ወደ ፊት የሚኬድባቸውን ማርሾች ብዛት ያሳያል። እንግዲህ ኤ 340 ባለ 4 ማርሽ፥ ኤ 750 ባለ 5 ማርሽ መሆናቸውን ሰሌዳውን ያየ ሁሉ ሊያውቅ ይችላል። በ2015 የመጣው ኤሲ 60 በሁለት ፊደል ስለሚጀምርና ቁጥሩም ሁለት ብቻ ስለ ሆነ ማርሹ የሚነበበው ከመጀመሪያው ቁጥር ላይ ነው። የመጨረሻው ፊደል ኢ ሲሆን መኪናው በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ፥ ኤፍ ሲሆን በአራቱም ጎማ የሚነዳ ነው። ከላይ ያነሣሁት ማኅበር ገንዘቡን ያጣው በዚህች በአንዲት ፊደል ምክንያት ነው። በቀድሞዎቹ ፒካፖች ላይ በኤች የሚጨርስ ኤ 340 ደግሞ ይገኛል፤ እርሱም ከኤፍ ጋር አይለዋወጥም። በሰሌዳው ላይ አር 151 ኤፍ ተብሎ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ያ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ነውና ሌላ ምርመራ አያሻም።

በፎርድ ሬንጀር ላይ ነገሩ ይቀላል፤ የማርሹ ብዛት የተጻፈው ከፊት ነው። 6 አር 80 ባለ 6፥ 10 አር 80 ባለ 10 ማርሽ ነው። ይሁን እንጂ በመልክ ከማይለያዩ ሁለት ሬንጀሮች አንዱ ባለ 3.2 ሊትር ሞተር ሆኖ የመጀመሪያውን፥ ሌላው ባለ 2.0 ሊትርና ባለ ሁለት ተርቦ ሆኖ ሁለተኛውን ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ሰሌዳው የሚናገረው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። ካምቢዮው አንድ ጊዜ ተለውጦ ከሆነ ሰሌዳው ስለማይለወጥ ከመኪናው ሥር ገብቶ ካምቢዮውን ራሱን ማየት ግድ ይሆናል። በጎኑ ላይ የራሱ ጽሑፍ ካልተገኘ ወይም ከጠፋ፥ ከሥሩ ያለው የዘይት መያዣ ቅርጽና የብሎኖቹ ብዛት ይመረመራል። ይህ ዘዴ በአሜሪካ የቆዩ የሸቭሮሌት ፒካፖች ባለቤቶች ዘንድ የታወቀ ነው። በ1969 የመጣው ተርቦ ሃይድራማቲክ 350 የዘይት መያዣው በ13 ብሎን የታሰረ፥ አንዱ ማዕዘኑም የተቆረጠ ነው። በ1982 የመጣው ባለ 4 ማርሹ 700 አር 4 አራት ማዕዘን ሆኖ 16 ብሎን አለው። ነገር ግን በ1964 የመጣው 400 እንደ 350ው 13 ብሎን ስላለው ቆጠራው ብቻውን አይበቃም፤ የ400ው መያዣ ቅርጹ ወጣ ገባ ነው፤ ደግሞም ነዳጅ አጥብቆ ሲረገጥ ማርሹን ዝቅ የሚያደርገው በኤሌክትሪክ ሲሆን፥ በ350ው ላይ ግን ይህን የሚሠራው የሽቦ ገመድ ነው።

አንዳንድ ሾፌሮች መኪናውን እየነዱ ማርሹን በጆሮ እንቆጥራለን ይላሉ። ጥሩ ልምድ ነው፤ ሆኖም በሜዳ መንገድ ላይ የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፈው ክፍል በፍሪሲዮን ሲቆለፍ ሞተሩ ድምፁን ጥቂት ዝቅ ስለሚያደርግ፥ ባለ 4 ማርሹ ባለ 5 መስሎ ይቆጠራል።

ስለ ዘይቱ ጥቂት ልጨምር። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ብዙውን ጊዜ ቀይ ስለ ሆነ በቀለም አይለይም። ቶዮታ ለቀድሞዎቹ ዴክስሮን፥ ቀጥሎ ቲ-4፥ ለኋለኞቹ ለኤሲ 60 እና ለመሰሎቹ ደግሞ ደብሊው ኤስ የተባለውን ያዝዛል። ደብሊው ኤስ ከቲ-4 የቀጠነ ነው፤ አንዱ በሌላው አይተካም። ፎርድም ለ6 አር 80 መርኮን ኤል ቪ፥ ለ10 አር 80 ከዚያ የቀጠነውን መርኮን ዩ ኤል ቪ ያዝዛል። ያልታዘዘውን ዘይት የጠጣ ካምቢዮ ዕለቱን አይቆምም፤ ነገሩን የሚያከፋውም ይህ ነው። በመጀመሪያ ማርሽ ሲቀይር ይንቀጠቀጣል፥ ቀጥሎ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ይንሸራተታል፥ በመጨረሻም ዲስኮቹ ተቃጥለው ዘይቱ ይጠቁርና የተቃጠለ ሽታ ይሸታል። ያን ጊዜ ዘይቱን ያደረገው ሰው ተረስቷል፤ የሚወቀሰውም ሾፌሩ ነው።

ከአዲሶቹ ካምቢዮዎች ብዙዎቹ የዘይት መለኪያ ዘንግ የላቸውም። የዘይቱ ልክ የሚታወቀው መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፥ ሞተሩ እየሠራ፥ የዘይቱም ሙቀት በፋብሪካው መጽሐፍ ከተወሰነው ደረጃ ሲደርስ የመቆጣጠሪያው ብሎን ተፈትቶ ዘይቱ ሲንጠባጠብ ነው። ዘንግ ስላጣ ብቻ በግምት የሚሞላ ጋራዥ ካለ መኪናውን ወደ ሌላ መውሰድ ይሻላል።

ዕቃ ለማዘዝ የሚፈልግ ሰው የሻንሲውን ቁጥር በሙሉ፥ የካምቢዮውን ምልክት እስከ መጨረሻይቱ ፊደል፥ የሞተሩን ዓይነትና ሊትር፥ መኪናው በስንት ጎማ እንደሚነዳ ጽፎ ይላክ፤ ከዚህም ጋር የሰሌዳውንና የዘይት መያዣውን ፎቶግራፍ ቢያያይዝ መልካም ነው። ፎቶግራፉ የሚነሣው ጭቃው ታጥቦ ብሎኖቹ አንድ በአንድ ከታዩ በኋላ ነው።