ለምህንድስና ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሲመረጥ፦ ለሆሳዕና እና ለሀዲያና ከምባታ ከተሞች ተማሪዎችና ወላጆች የቀረበ ማብራሪያ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከተገለጸ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ለመምረጥ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሽንሺቾ፣ በአንጋጫና በአካባቢው ባሉ ሌሎች ከተሞች የሚገኙ በርካታ ተማሪዎች ምርጫቸውን የሚሞሉት በነዚህ ጥቂት ቀናት ውስጥ ከጓደኛ በሰሙት ወሬ፣ በተቋሙ ስም ወይም በከተማው ዝና ተመርተው ነው። የምህንድስና ትምህርት ግን የአምስት ዓመት ትምህርት ነው። በችኮላ የተሞላ ምርጫ የሚያስከትለው ቅሬታም ለዓመታት ይዘልቃል። ይህ ማብራሪያ ተማሪዎችና ወላጆች ከውሳኔያቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያቀርባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው

በ2015 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ተማሪዎች በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ለመግባት በብሔራዊ ፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠበቅባቸው ነበር። ይህን ያሟሉት በ2016 ዓ.ም. ከተፈታኞች 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ከዚህ ነጥብ በታች ያመጡና ለማካካሻ ትምህርት (ሪሜዲያል) በየዓመቱ የሚወጣውን መስፈርት ያሟሉ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ተከታትለው ሲያልፉ ወደ አንደኛ ዓመት ይሸጋገራሉ።

ብዙዎች የሚስቱት ቁም ነገር የሚከተለው ነው። ምደባ ለተማሪው ዩኒቨርሲቲን ይሰጠዋል እንጂ ሲቪል፣ ሜካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል ምህንድስናን አይሰጠውም። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛና ሎጂክን የመሳሰሉ የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል። ወደ ምህንድስና ዘርፍ ሲገባም እንደ አፕላይድ ማቴማቲክስና የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ያሉ ትምህርቶች ይጨመራሉ። የትምህርት ክፍል ድልድል የሚካሄደው ከዚህ በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ተማሪው ባስመዘገበው ውጤትና በክፍሉ የመቀበል አቅም ነው። ስለሆነም አንድ የትምህርት ክፍል በተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ከሌለ፣ ተማሪው ምንም ያህል ከፍተኛ ውጤት ቢያመጣ ሊገባበት አይችልም። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ መዛወርም በጠባብ ምክንያቶች ብቻ የሚፈቀድ በመሆኑ «መጀመሪያ ልግባ፣ በኋላ እዛወራለሁ» የሚለው አስተሳሰብ አስተማማኝ አይደለም።

በመሆኑም ትክክለኛው የምርጫ ቅደም ተከተል ከትምህርት ክፍል ተነሥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ነው። ተማሪው መማር የሚፈልጋቸውን ሁለት ወይም ሦስት የትምህርት ክፍሎች በቅድሚያ ይለያል፤ ቀጥሎም እነዚህን ክፍሎች አሟልተው የያዙትን ተቋማት በዝርዝር ያስቀምጣል። ሁለት ወይም ሦስት መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተማሪው በመጀመሪያ የፈለገውን ክፍል በውድድር ቢያጣ፣ ሁለተኛው ፍላጎቱ በዚያው ተቋም ውስጥ መገኘት አለበት።

በአካባቢው የሚገኙ ተቋማት

ለሀዲያና ለከምባታ ተማሪዎች የቅርቡ ተቋም በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስሙን የወሰደው ከሆሳዕና የቀድሞ መጠሪያ ሲሆን፣ በከተማዋ ካለው ዋና ግቢ በተጨማሪ በዱራሜ ካምፓስ አለው። በምህንድስና ዘርፍ ሲቪል፣ ሜካኒካል እና ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስናን የመሳሰሉ ክፍሎች አሉት። በሆሳዕናና በቡታጅራ መካከል ባለው መንገድ ላይ ወራቤ ዩኒቨርሲቲ፣ በጉራጌ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ሁሉም የምህንድስና ትምህርት ይሰጣሉ።

ሲቪል ወይም ኤሌክትሪካል ምህንድስናን ለሚፈልግ ተማሪ ሩቅ መሄድ የግድ አይደለም። እነዚህ የትምህርት ክፍሎች በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ተመራቂዎቻቸውም በየትኛውም ተቋም ቢማሩ አንድ ዓይነት ሀገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመስጠት ላይ ያለውን ይህን ፈተና ለማለፍ 50 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ የተቋሙ ስም የተማሪውን ጥረት አይተካም።

ርቀት ትርጉም የሚኖረው ተማሪው በሁሉም ዘንድ የማይገኝ የትምህርት ክፍል ሲፈልግ ነው። ለአብነት ያህል፣ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በመስኖና በውኃ ሀብት ምህንድስና የረጅም ጊዜ ልምድ አለው። በሀዲያና በከምባታ በኩል የሚያልፈው የብላቴ ወንዝ መድረሻ የሆነው አባያ ሐይቅም በአርባ ምንጭ አቅራቢያ ይገኛል። በአካባቢው ወንዞች ላይ የመሥራት ዝንባሌ ያለው ተማሪ ይህን ተቋም ቢያስቀድም ምክንያታዊ ነው። ባዮሜዲካል ምህንድስና ለሚፈልግ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ በጨርቃ ጨርቅ ዘርፍ መሠማራት ለሚፈልግ ደግሞ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳሉ።

የራሳቸው ፈተና ያላቸው ተቋማት

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይቀበላል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ለመግቢያ የተለየ ፈተና ይሰጣሉ። እንደ ማዕድን ምህንድስና ያሉ ክፍሎችን የሚፈልግ ተማሪ ትኩረቱ በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ላይ ሊሆን ይችላል። የነዚህ ተቋማት ምዝገባ የራሱ ማስታወቂያና ቀነ ገደብ ስላለው አጠቃላይ ምደባን ሲጠባበቅ የቆየ ተማሪ ዕድሉ ሊያመልጠው ይችላል። ፈተናውን መውሰድ የሚሻ ተማሪ ማስታወቂያውን በየዕለቱ መከታተል፣ ለጉዞና ለማደሪያ የሚሆነውን ወጪም ከቤተሰቡ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይኖርበታል።

በግል ተቋም መማር ለሚፈልጉ

ከአካባቢው በርካታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው እንደሚሠሩና ለታናናሾቻቸው የትምህርት ክፍያ እንደሚልኩ ይታወቃል። በብዙ ድካም የተገኘ ገንዘብ ባልተፈቀደ ትምህርት ላይ እንዳይውል፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የተቋሙን ፈቃድ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ በጥቅሉ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ካምፓስ ነው። አንድ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ሲቪል ምህንድስናን ለማስተማር ዕውቅና ማግኘቱ በሌላ ከተማ ባለው ቅርንጫፉ ያንኑ ትምህርት እንዲሰጥ አያስችለውም። የግል ተቋም ተማሪዎችም ያንኑ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ።

ወጪና ኑሮ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ የሚጠበቅበትንም ድርሻ ከተመረቀ በኋላ ከገቢው ይከፍላል። ሆኖም የጉዞ፣ የልብስና የጽሕፈት መሣሪያ ወጪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። በምህንድስና ትምህርት ደግሞ ላፕቶፕ ማስፈለጉ አይቀርም።

ቅርብ መማር የጉዞ ወጪን ይቀንሳል፤ ተማሪው ሲታመምም ዘመድ ይደርስለታል። በአንጻሩ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት እየተጠራ በሥራ የሚጠመድ ተማሪ፣ በተለይም ሴት ተማሪ፣ የጥናት ጊዜ ሊያጥራት እንደሚችል ወላጆች ሊያስቡበት ይገባል። ሩቅ የሚሄድ ተማሪም የአየር ንብረት ለውጥን ከግምት ያስገባል፤ ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ስትሆን፣ አርባ ምንጭ በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት።

ምርጫው ሲሞላ

1. ተማሪው ምርጫውን ወደ ምደባ ድረ ገጹ ከማስገባቱ በፊት በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ከወላጆቹና ከመምህራኑ ጋር ይመክርበታል።

2. የየዩኒቨርሲቲውን የምህንድስና ክፍሎች ዝርዝር ከተቋሙ ይፋዊ ገጽ ላይ ይመለከታል፤ በዚያው ተቋም ከሚማሩ የአካባቢው ልጆችም የቤተ ሙከራና የወርክሾፕ አገልግሎቱ ምን እንደሚመስል ይጠይቃል።

3. የጤና እክል፣ የአካል ጉዳት ወይም ሌላ ልዩ ሁኔታ ያለበት ተማሪ በማስታወቂያው በተገለጸው መንገድና ጊዜ ማስረጃውን ያቀርባል።

4. ምርጫውን ራሱ ይሞላል። በኢንተርኔት ካፌ በሌላ ሰው እገዛ የሚሞላ ከሆነም ቅደም ተከተሉን ከወረቀቱ ጋር ሳያመሳክር አይነሣም፤ የይለፍ ቃሉንም ለማንም አይሰጥም።

ምደባ የሚሠራው የተማሪውን ውጤት፣ የምርጫውን ቅደም ተከተልና የተቋማቱን የመቀበል አቅም መሠረት በማድረግ በመሆኑ ሁሉም ተማሪ የመጀመሪያ ምርጫውን ላያገኝ ይችላል። ስለሆነም በአምስተኛ ወይም በስድስተኛ ተራ የሚጻፈው ዩኒቨርሲቲ እንደ መጀመሪያው ሁሉ ታስቦበት መጻፍ አለበት፤ ተማሪው የሚመደበው እዚያ ሊሆን ይችላልና። በየትኛውም ተራ ያለው ተቋም ተማሪው ከሚፈልጋቸው የትምህርት ክፍሎች ቢያንስ አንዱን የያዘ እስከሆነ ድረስ፣ የምደባው ውጤት ምንም ሆነ ምን፣ ተማሪው የመረጠውን ሙያ የሚማርበት በር ክፍት ሆኖ ይቆያል።