በሰሊጥ አጨዳ ወቅት የሚጎድለው ተማሪ

መስከረም ሲጠባ በአማራ ክልል ቆላ፣ መተማ ላይ ሁለት ነገር እኩል ይደርሳል፤ የትምህርት ምዝገባና የሰሊጥ አጨዳ። ሰሊጥ ቀጠሮ አይሰጥም። የደረሰው አገዳ እየደረቀ ሲሄድ ዘሩን የያዘው ሽፋን ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከመከፈቱ በፊት ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ በሚባል ክምር ቆሞ መድረቅ አለበት። ከደጋ የወረደው የጉልበት ሠራተኛ፣ ሳሉግ፣ ካልበቃ የቤቱ ልጅ ይጨመራል። ክፍል ውስጥ የልጁ ወንበር ባዶ የሚሆነውም ያኔ ነው።

ተረት፦ ልጁን ከትምህርት ያስቀረ ወላጅ ይታሰራል።

ይህ ወሬ በአብዛኛው ከውጭ አገር ዘመድ የተሰማ ነው። በእንግሊዝ ልጁን ያለፈቃድ ያስቀረ ወላጅ የገንዘብ ቅጣት ይደርስበታል። እኛ ዘንድ ግን ልጅን ስለማሠራት ቁርጥ ያለ ክልከላ የሚገኘው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ነው፤ የሚይዘውም አሠሪውን ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም። ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ወይም በሳምንት ዕረፍቱ ሊሠራ አይችልም። የ13 ዓመት ልጅ በሰው እርሻ ላይ ማጭድ ይዞ ሲታይ «አባቱ የት ነው?» ማለት ይቀናናል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ባለእርሻው ነው።

በገዛ ቤተሰቡ ማሳ ላይ የሚያግዝ ልጅ ተቀጣሪ አይደለም። ያም ሆኖ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ትምህርቱንና ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቀዋል። በዚህ ቆላ የወባና የካላዛር አደጋ ስላለ፣ ሜዳ ላይ የሚያድር ልጅ ጉዳይ ከትምህርትም ያለፈ ነው።

ተረት፦ ማስተማር የወላጅ ውዴታ ነው።

አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነፃና ግዴታ እንዲሆን ይጠይቃል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9(4) የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል። ግዴታው በቅድሚያ የመንግሥት ነው፤ ትምህርት ቤቱን ክፍት አድርጎ መጠበቅ አለበት።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በሩ የተዘጋበትን ልጅ «ከትምህርት የቀረ» ብሎ መመዝገብ በደል ነው። በዚያ ጊዜ እናቱ ጓዳ ውስጥ ፊደል ያስቆጠረችው፣ የኔታ ዳዊት ያስደገሙት፣ ወይም ቁርዓን የቀራ ልጅ ንባብ አላጣም። ሒሳብና ሳይንሱ ግን ይቀረዋል፤ ሲመለስ በዚያ ልክ መታገዝ አለበት።

ተረት፦ 11 ዓመት የሞላው ልጅ ከ7 ዓመት ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል መቀመጥ አለበት፤ ካልሆነ ቀረ።

ለዚህ ነው አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የተዘረጋው። ዕድሜያቸው ያለፈ ልጆች የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ትምህርት በ3 ዓመት ጨርሰው ወደ መደበኛው እንዲገቡ ታስቦ የተሠራ ነው። ሰዓቱም ከኅብረተሰቡ ጋር ተመክሮ ይቆረጣል። ስለዚህ ወላጆች ከትምህርት ማዕከሉ አመቻች ጋር ተቀምጠው፣ ሂላው እስኪወቃ ድረስ ትምህርቱ በየትኛው ሰዓት ይሁን ብለው መነጋገር ይችላሉ፤ ከአጨዳው በፊት፣ ነሐሴ ላይ።