ስንት ኢንች ሳይሆን ስንት ዲግሪ

የመኪና ውድድር ሲሙሌተር የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ገንዘብ የሚያወጣው ለመሪውና ለፔዳሉ ነው። ለስክሪኑ ሲሆን ቤት ያለው ቴሌቪዥን ይበቃል ይላል። ለጨዋታ ከሆነ እውነቱን ነው። ቅዳሜ እውነተኛ መኪና ውስጥ ገብቶ ፍሬን ለሚይዝ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እጅና እግሩን እያሠለጠነ ዓይኑን ያሳስታል።

ሲሙሌተር ሹፌር ያፈራል ወይ የሚለው ክርክር እንኳ ድሮ አብቅቷል። በዌልስ ያደገው ጃን ማርደንቦሮ በ2011 እ.ኤ.አ. ጂቲ አካዳሚ የተባለውን የጨዋታ ተጫዋቾች ውድድር አሸንፎ፣ በ2013 በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ከቡድን ጓደኞቹ ጋር በምድቡ ሦስተኛ ወጥቷል። (ስለ እሱ የተሠራው የ2023 ፊልም ግራን ቱሪስሞ የታሪኩን ቅደም ተከተል እንዳሻው አገላብጦታል።) ፎርሙላ 1 ደግሞ ከ2009 ጀምሮ በውድድር ዘመኑ መካከል የትራክ ልምምድን ስለገደበ፣ ቡድኖቹ ሹፌሩን ከግራና ከቀኝ በሚከብቡ ግዙፍ ቅስት ስክሪኖች ፊት ያለማምዳሉ።

እኛ ግን ወደ ገበያ ስንወጣ የምንጠይቀው ስንት ኢንች እንደሆነ ነው። መጠየቅ ያለበት ከተቀመጡበት ቦታ ሲታይ ስንት ዲግሪ እንደሚሸፍን ነው። በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን 34 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይሸፍናል። ከዓይን በ60 ሳንቲሜትር ርቀት የቆመ ባለ 27 ኢንች ሞኒተር 53 ዲግሪ ይደርሳል። ትንሹ ትልቁን ያስከነዳል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር በሶፍትዌሩ ውስጥ ካለው የእይታ ማዕዘን ጋር መግጠም አለበት። ብዙ ሰው ግን 34 ዲግሪ ላይ ሲያስተካክለው በቁልፍ ቀዳዳ የሚያይ ስለሚመስለው ወደ 80 ወይም 90 ይለጥጠዋል። ስፖኪዮውም የጎን መስኮቱም ብቅ ይላሉ፤ ደስ ይላል። ምስሉ ግን ተጨምቋል። ከፊት ያለው ኩርባ ከእውነቱ ያነሰና የራቀ ይመስላል፣ የጎኑ አጥር እየበረረ ያልፋል፣ ፍጥነቱ ይጋነናል። ፍሬን የት እንደሚያዝ በዚህ ምስል የተማረ ዓይን የተማረው የተዛባ ሚዛን ነው። ትክክለኛው ማዕዘን በመጀመሪያ ጠባብ፣ ቀርፋፋና አሰልቺ ነው። ቢሆንም ከዓይን ይልቅ ሜትሩን ማመን ይሻላል።

ሦስት ባለ 27 ኢንች ሞኒተሮች በዚያው ርቀት፣ ሁለቱ ጎኖች ወደ ሹፌሩ ዞረው ሲገጠሙ፣ 160 ዲግሪ ገደማ ይሰጣሉ። ጥቅማቸው የሚታየው እንደ ሞናኮ ዝነኛ ጠባብ ኩርባ ባለ ቦታ ነው፤ የፎርሙላ 1 መኪኖች እንኳ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያልፉት። ጥሩ ሹፌር መሪውን ከማዞሩ በፊት ዓይኑ የኩርባው ውስጠኛ ጫፍ ላይ፣ ከዚያም መውጫው ላይ ያርፋል። በአንድ ስክሪን ያ ጫፍ ከጠርዙ ውጪ ስለሚቀር ሰልጣኙ በግምት መዞርን ይለምዳል። በእርግጥ ወጪውም ሦስት እጥፍ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱም 2560 በ1440 የሆኑ ሦስት ስክሪኖችን ሲነዳ 11 ሚሊዮን ፒክስል ይሸከማል፣ ከአንድ የ4ኬ ስክሪን በላይ። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ስክሪን ለየብቻ እንዲስል ካልታዘዘም የጎኖቹ ምስል ይንጋደዳል። ቦታ ለጠበበው ባለ 49 ኢንች ቅስት ሞኒተር አለ፤ በ70 ሳንቲሜትር ርቀት 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለብዙ ትራኮች ይበቃል፣ ለሞናኮ ግን አይበቃም።

የቪአር መነጽር የማዕዘኑን ስሌት ከነጭራሹ ያስቀራል፤ አንገትን ባዞሩበት ሁሉ ዓለሙ አለ። ትልቁ ስጦታው ጥልቀት ነው። በካሊፎርኒያው ላጉና ሴካ ትራክ ላይ ኮርክስክሩ የተባለው ቁልቁለት 18 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በጠፍጣፋ ስክሪን ሜዳ ይመስላል፣ በመነጽሩ ግን ሆድ ባር ባር ይላል። ይሁንና ዓይን እየሄድን ነው ሲል ውስጠኛው ጆሮ ቆመናል ስለሚል ብዙዎችን ያጥወለውላል፣ ያልባል፣ የመሪው ቁልፎችም አይታዩም። ሌላም አለ፦ በእውነተኛ ውድድር የራስ ቁሩ ከአንገት መከላከያው ሃንስ ጋር ይታሰራል፤ መሣሪያው በፎርሙላ 1 ከ2003 ጀምሮ ግዴታ ነው። አንገት እንደ ልብ አይዞርም፤ ሥራው የዓይን ነው። ስለዚህ ለመኪና ውድድር ሰልጣኝ እኔ ሦስቱን ስክሪኖች እመርጣለሁ፤ መነጽሩን አዲስ ትራክ ለመተዋወቅ ብቻ።

መዘግየትም ይታሰብ። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 55 ሜትር ይበላል። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች የጨዋታ ቅንብራቸው ካልተከፈተ ምስሉን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ያዘገያሉ፤ ይህም ከአምስት ሜትር ይበልጣል። ከምስል ጥራት በፊት ፈጣን ሞኒተር ይገዛ።

ከተገጠመ በኋላ መፈተኛው ቀላል ነው። በአካል የነዱትን ትራክ መምረጥ፣ ከኩርባው በፊት በተተከሉት የ200፣ የ150 እና የ100 ሜትር ሰሌዳዎች መካከል እግር ሳይታሰብበት ፍሬን የሚረግጠው የት እንደሆነ ማየት፣ ከዚያም መኪናው ላይ ከተመዘገበው መረጃ ጋር ማስተያየት። ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ መጀመሪያ ሜትር ወስዶ ከዓይን እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት እንደገና መለካት ነው።